የአባቴ ቤርጎ

አባቴ «ሐረር ልሂድ፤ የድሮዬን ቤርጎ ያዙልኝ» ያሉ ዕለት ወንድሜ የያዘውን የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። አርብ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከአስኮ መጥቶ ኮልፌ እኛ ቤት ምሳ መብላት ልማዱ ነው። «አባዬ፣ ይሄን ቃል ሰው ፊት እንዳይሉት» አለ። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስታችን ብቻ ነን። ሰው የተባልኩት እኔ ነኝ እንዴ ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

በእኛ ሰፈር ቤርጎ ሲባል ምን እንደሚታሰብ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «አልጋ አለ» የተጻፈበት፣ ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ገብቶ ጎንበስ ብሎ የሚወጣበት ቤት ነው። ለአባቴ ግን ቃሉ ንጹህ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት በኤንትሬ የጭነት መኪና ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ሐረርና ጅጅጋ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሾፌር ቤርጎ ይይዛል፣ ይተኛል፣ ማልዶ ተነስቶ መንገዱን ይቀጥላል። ሌላ ትርጉም አልነበረውም፤ ከነበረውም ለእኛ አልነገሩንም።

ያ የድሮ ቤርጎ ከሐረር ወጣ ብሎ በባቢሌ መንገድ ላይ ነው። አይቼው አላውቅም፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርኩ ሳልሳሳት ልስለው እችል ነበር። ስድስት ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከጀርባው የበቆሎ ማሳ፣ ግቢው መሃል አንድ ቧንቧ። አባቴ ማልደው ከዚያች ቧንቧ ፊታቸውን ይታጠቡና ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ፊት ለፊታቸው ጀጎል፣ ያ ስንት መቶ ዓመት የቆመ ግንብ፣ የአሮጌውን ከተማ መስጊዶች ይዞ ኮረብታው ላይ ይታያል። ፀሐይ ወጥታ ግንቡን እስክትነካው ይጠብቃሉ። «ሞተር የማስነሳው ከዚያ በኋላ ነው» ይሉን ነበር።

አሁን ዓይናቸው እየደከመ ነው። የዓይን ግፊት ነው የተባለው። ባለፈው ዓመት ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ፤ ዶክተሩ ጠብታ አዘዘና «ከጎን ከጎኑ እየጠበበ ይሄዳል፣ ግን ገና ጊዜ አለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ለክትትል የሚያመላልሳቸው ወንድሜ ነው፤ መኪና አለው፣ እኔ ደግሞ ሱቄን ዘግቼ መዋል አልችልም። የሚመጡት ከሰዓት ነው። «ምን አላችሁ?» እላለሁ። «ያው ጠብታ» ይላል ወንድሜ። ስለዚህ አባቴ ሐረር ሲሉ ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት ያንን ግንብ ማየት ፈልገዋል። ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል ይህን አደርግላቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ወንድሜ ግን «ከሄዱ ከተማው መሃል ይደሩ» አለ። «ደህና ሆቴል ይያዝ። ሊፍት ያለው። ባኞው ክፍሉ ውስጥ የሆነ። አለዚያ ይቅር።»

ሊፍት! ከሊፍት ውስጥ ሆነው የትኛውን ግንብ ሊያዩ ነው? ሰውየው በመኪና መለዋወጫ ንግድ ሰው ከሆነ ወዲህ ሁሉን ነገር በደረጃ ያስቀምጣል፤ ሰው የሚቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር ይመርጣል። አባቱ ቤርጎ አደሩ ተብሎ መስጊድ በር ላይ ቢወራ የሚሞት ይመስለዋል። «ወጪውን እኔ እችላለሁ» ማለቱ ደግሞ ጭራሽ አቃጠለኝ። ከባሌ ተፋትቼ አባቴ ቤት ከተመለስኩበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ላድርግ ስል ኪሱን እያሳየ ያስቀምጠኛል። ልጅ ሳለሁ ጋሼ ነበር የምለው። ከዚያን አርብ በኋላ «አንተ ሰውዬ» ማለት ጀመርኩ፤ ሲከፋው ደስ አለኝ።

ፌርማታው አጠገብ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የልጆች አሳይመንት እጽፋለሁ። ሰው የተናገረውን ነጥብ ሳይቀር አስተካክዬ አወጣለሁ፤ ፊደል አያመልጠኝም፤ በዚህ ደግሞ በደንብ እኮራለሁ። ያንን ጉዞም እንደ አንድ ትልቅ ሰነድ ያዝኩት። ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ደንበኛ ፊት፣ ስልኬን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል ሰክቼ ስደውል ዋልኩ። አውቶቡስ የአባቴን ወገብ ይጎዳል፤ አውሮፕላን የማይታሰብ ነው። ከለቡ በባቡር እስከ ድሬዳዋ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሐረር፣ ከሐረር በባጃጅ ቤርጎው። ምሳ ከቤት ተቋጥሮ ይሄዳል። ሁለት አዳር ብቻ። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን መሪ ጨብጠው የኖሩ ሰው ስለሆኑ ባቡር የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ። «ሾፌሩ ማን እንደሆነ ሳታይ ትሳፈሪያለሽ?» አሉኝ።

ችግሩ ቤርጎውን ማግኘት ነበር። ከኢንተርኔት ላይ በዚያ መንገድ ያለ አንድ ቤት ስልክ አገኘሁና ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሳ። እኔም የአባቴን ቃል በአፌ ይዤ፣ በሙሉ ጨዋነት «ይቅርታ፣ ቤርጎ ይኖራችኋል?» አልኩት።

«ምን አልሽ?»

«ቤርጎ። ለሁለት ቀን። ለአባቴ።»

«ስሚ እህት፣ እኛ ሆቴል ነን። ለአባትሽ ነው የምትይው? ይሄን ይዘሽ መናኸሪያ አካባቢ ጠይቂ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ ሁለት ተማሪዎች ሳቃቸውን ለመያዝ አፋቸውን ሲሸፍኑ አየሁ። ወንድሜ ራሱ የሰደበኝ ያህል እሱ ላይ ተናደድኩ፤ ቃሉን ያቆሸሹት እንደሱ ያሉት ናቸው ብዬ።

እውነተኛውን ቤርጎ ያገኘልኝ መንጃ ፈቃዱን ኮፒ ሊያስነሳ የመጣ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ስለቤቱ ስነግረው ሳቀ። «እሱማ አለ! የድሮዋ ባለቤት ሞተዋል እንጂ ልጃቸው ይዛዋለች» አለና ቁጥሩን ሰጠኝ። ደወልኩ። ሴትየዋ እንደ ዘመድ ነው ያነጋገረችኝ። አዎ፣ የእናቷ ቤት ነው፤ አዎ፣ ዛሬም ሾፌሮች ያድሩበታል፤ አንሶላው ንጹህ ነው፤ ጠዋት ፉል አለ። ዋጋው ከጠበቅኩት በታች ሆነልኝ። መጨረሻ ላይ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኋት። «ከበረንዳው ላይ ሆኖ ግንቡ ይታያል አይደል?»

ትንሽ ዝም አለች። «በረንዳው እንዳለ ነው እህቴ፤ አልተነካም» አለችኝ።

የምፈልገውን የሰማሁ መሰለኝና አመስግኜ ዘጋሁ። ፊደል አያመልጠኝም ያልኩት እኔው ነኝ።

አባቴ ዜናውን ሲሰሙ ይደሰታሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጥያቄ ጀመሩ። ክፍሉ ስንተኛው ነው? መጀመሪያው ከሆነ ጥሩ ነው። በሩ ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ የሚከፈተው? ደረጃው ስንት ነው? ሽንት ቤቱ የድሮው ቦታ ነው? ከክፍሉ እስከዚያ ስንት እርምጃ ይሆናል? ሦስት ጊዜ ደግሜ እንድደውል አደረጉኝ። ሴትየዋ ወጥታ በእግሯ ለክታ «ወደ ሃያ» አለችኝ። በአራተኛው ግን ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባዬ፣ ቤርጎ ካልሆነ ያሉት እርስዎ ነዎት! ልጅዎ ሊፍት ይያዝ ሲል እኔ ነኝ የተጣላሁልዎት! አሁን እንደ ሙሽራ ባኞ ያማርጣሉ?»

«ልክ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ ደህና ነው።»

እንዲህ ብዬ የተናገርኩበት አፌ ዛሬም ያሳፍረኛል። ያን ሰሞን ሌላም ነገር ነበር። ከቤት እስከ መስጊድ ሲሄዱ፣ ከሳሎን እስከ ጓሮ ሲወጡ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጎረቤቶቻችን «አባትሽ ዚክር አበዙ፣ ማሻአላህ» ይሉኝ ነበር። እኔም በልቤ ዕድሜ ሲገፋ ሰው አላህን ማውሳት ያበዛል ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ለወንድሜ መልስ እንዲሆን፣ ያንተን ሪዛም መስጊድተኞች የሚያስንቁ ናቸው እያልኩ እኮራባቸው ነበር።

ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን ወንድሜ ሱቄ መጣ። ገብቶ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሞ «ሽንት ቤቱ ውጭ ነው አሉ» አለኝ።

«አዎ ውጭ ነው። ግቢ ውስጥ። ሃያ እርምጃ። ጌታዬ ሌላ ምን ልታዘዝ?»

«ማታ ቢነሱስ?»

«ሲነሱ አብሬ እነሳለሁ። እግር አለኝ።»

«እዚያ ቢወድቁ አንቺ ነሽ ተጠያቂዋ።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። አባትህን የምትፈልጋቸው ሰርግ ላይ አጠገብህ ሲቀመጡ ፎቶ እንድትነሳ ነው አልኩት። ደህና ሆቴል የምትለው ለእሳቸው ሳይሆን ለስምህ ነው አልኩት። ዓይናቸው ሳይጠፋ አንድ ነገር ማየት ቢፈልጉ በአንዲት ቃል አፍረህ ልታስቀራቸው ትፈልጋለህ አልኩት። እናታችን ብትኖር ታፍርብህ ነበር የሚለውን ስጨምር ፊቱ ቀላ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። «አንቺ ምንም አታውቂም» ብሎ ብቻ ወጣ። አሸነፍኩ ብዬ ቀኑን ሙሉ በደስታ ሠራሁ።

ባቡሩ ላይ አባቴ መስኮት በኩል ተቀመጡ። እኔ ያለማቋረጥ ሳወራ ነበር፤ አዋሽ ደረስን፣ ያ ተራራ ምንድን ነው፣ ግመሎቹን አዩአቸው? «አየኋቸው» ይላሉ። ድሬዳዋ ስንወርድ ሙቀቱ ፊታቸውን ሲመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የሐረር ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሰው ሆኑ። ዓይናቸውን ጨፍነው «አሁን ይታጠፋል» ይላሉ፤ መኪናው ይታጠፋል። «አሁን ማርሽ ይቀንሳል» ይላሉ፤ ረዳቱ ሳይቀር በሳቅ ሞተ። እንቅልፍ እየጣላቸው የሚቀልዱ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ።

ቤርጎው ጋ የደረስነው ሊመሻሽ ሲል ነው። ቆርቆሮውም፣ ቧንቧዋም፣ በቆሎውም እንደተባለው አሉ። ባለቤቷ አባቴን በሁለት እጇ ጨብጣ መጀመሪያው ክፍል አስገባቻቸው። ከዘራቸውን ይዘው ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ቧንቧዋ፣ ከዚያ እስከ ሽንት ቤቱ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለመንገዱ ምስጋና እያደረሱ ነው ብዬ ጎኔን አሳረፍኩ።

በማግስቱ ስነሳ በረንዳው ላይ ነበሩ። ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ፎጣው ትከሻቸው ላይ ነው። ያ ስሰማው የኖርኩት ነገር ሁሉ ፊቴ ቆሟል። ሮጥ ብዬ አጠገባቸው ቆሜ ወደ ከተማው ቀና አልኩ።

ግንብ የለም። በመንገዱ ማዶ ሰማያዊ መስታወት የለበሰ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ገና ያልተነሳ የባሕር ዛፍ መወጣጫ አለ። ከሕንፃው ጀርባ ከተማው እንዳለ ይታወቃል፣ ግን አንዲት የሚናራ ጫፍ እንኳ አትታይም። ሴትየዋ በስልክ ለምን ዝም እንዳለች ገባኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ እሷን መስደብ ነበር። ሁለተኛ ሕንፃውን የሠራውን። ሦስተኛ፣ ወንድሜ ይህን ሲሰማ እንዴት እንደሚስቅ።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞርኩ። ፊታቸው ወደ ከተማው አልነበረም። ፈገግ ብለው፣ ቀጥ ብለው የሚያዩት ግራ በኩል የቆመውን የውኃ ታንከር ነበር።

«ፀሐይዋ ነካችው?» አሉኝ። «ንገሪኛ።»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አያዩም?»

«ብርሃኑ ይታወቀኛል። ጥላም አለ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረመዳን ወዲህ።»

ረመዳን ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በአንድ ቤት ነው የምንኖረው። ወጣቸውን ጨልፌ የማቀርብላቸው እኔ ነኝ፤ ጠብታቸውን የምጨምርላቸው እኔ ነኝ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ዚክር ነው ብዬ የኮራሁበት ሁሉ ቁጥር ነበር። ከሳሎን እስከ ጓሮ። ከቤት እስከ መስጊድ።

«ጋሼ ያውቃል?» አልኳቸው።

«ክሊኒክ አብሮኝ ገብቶ ሰማ። ላንቺ እንዳይነግርሽ ወላሂ አስብዬዋለሁ። መሐላ ይዞት ነው እንጂ ያን ያህል ቤርጎ የሚጠላ ልጅ አይደለም። እሱ የጠላው ደረጃውንና ውጭ ያለውን ሽንት ቤት ነው። መሐላውን ላለማፍረስ ሌላ ምክንያት አጣና ቤርጎ የሚለውን ስም ያዘ።»

ሱቄ በር ላይ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ታየኝ። «ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?» አልኩ፤ ድምፄ ቁጣ ይሁን ለቅሶ አላውቅም።

«ብታውቂ ታስቀሪኝ ነበር» አሉ። «ወንድምሽ ማዘን ይወዳል። ካወቀ ጀምሮ እያዘነልኝ ሩቅ ልሂድ ስል አይሆንም ይላል። አንቺ ደግሞ መጣላት ትወጃለሽ። እኔ ለመምጣት የሚጣላልኝ ሰው ነበር የሚያስፈልገኝ።»

እኔ ለሌላው ሰው ማመልከቻ ስጽፍ ያላለውን አልጨምርም። አባቴ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሐረርን ልይ አላሉም። «ልሂድ» ነበር ያሉት። «ልይ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

«ፊቴን ልታጠብ» አሉ፤ ፎጣውን ነካ እያደረጉ። «ውኃው ያው ነው። አሁን ንገሪኝ፣ ግንቡን ነካችው?»

መዋሸት እችል ነበር። ስሰማው የኖርኩትን መልሼ ብነግራቸው ማን ያጣራል? ግን እንኳን ለእሳቸው፣ ለራሴም መዋሸት ሰለቸኝ። «ግንቡ አይታይም አባዬ። ፊት ለፊቱ ፎቅ ሠርተውበታል። የሚታይ ነገር የለም።»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ እየሳቁ ናቸው።

«እሰይ!» አሉ። «እኔ ብቻ አይደለሁማ የማላየው።»

ተነስቼ ወደ ክፍላቸው ገባሁ። ከአልጋው ጀምሬ፣ የእሳቸውን እርምጃ በሚያህል እርምጃ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ። የበሩን ደፍ አገኘሁት። ደረጃዋን አገኘኋት። ቧንቧዋ ጋ ስደርስ ጉልበቴን መታችኝ፤ ዞሬያት እስከ ሽንት ቤቱ በር እየቆጠርኩ ቀጠልኩ። ስልኬን አውጥቼ ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳው፤ እጁ ላይ ይዞት ነበር ማለት ነው። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢጮህብኝ ደስ ባለኝ።

«ወደቁ እንዴ?» አለኝ በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ።

«አልወደቁም ጋሼ» አልኩት። «ሃያ ሳይሆን ሃያ ሦስት ነው። ቆጥሬዋለሁ።»